ካፒቴኑ በየብስ፣ ጀልባዋ በባሕር

ዛሬ የማነሣላችሁ ሰው ሳይሳፈርባቸው ባሕር ላይ ሰንብተው የባሕሩን ወለል ስለሚቀይሱ ጀልባዎች ነው። አስቀድሜ ላሳስብ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 በደቡባዊው ፓሲፊክ፣ በቶንጋ ደሴቶች አጠገብ፣ ሁንጋ ቶንጋ ሁንጋ ሃፓይ የሚባል እሳተ ገሞራ ከባሕር ሥር ፈነዳ። አመዱና እንፋሎቱ 57 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣ። ማዕበሉ ያንን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጦ ፔሩ ድረስ ሄዶ ሁለት ሰዎች አሰጠመ። ቶንጋን ከፊጂ ጋር የሚያገናኘው 827 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የባሕር ውስጥ ኬብል ተበጠሰና መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት አገር ከዓለም ተቆረጠች። መሥመሩ ተጠግኖ እስኪመለስ አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። በእሳተ ገሞራው ጫፍ ላይ የነበረችው ደሴትም መካከሏ ጠፍቶ ሁለት ቁራጭ ብቻ ቀረ።

ከላይ የታየው ይህ ነው። ከውኃው በታች ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን መሄድ ያስፈልግ ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞ የተደረገው በተለመደው መንገድ ነው። ኒዋ ይባል የነበረው የኒውዚላንድ የምርምር ተቋም 70 ሜትር የምትረዝመውን ታንጋሮዋ የተባለች መርከቡን በኤፕሪል ላከ፤ ገንዘቡን የሰጠው የጃፓኑ ኒፖን ፋውንዴሽን ነው። ታንጋሮዋ አንድ ወር ያህል ተመላልሳ በእሳተ ገሞራው ዙሪያ 22,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቀየሰች። ሳይንቲስቶቹ ተራራው ፈራርሶ እናገኘዋለን ብለው ነበር፤ ያን ያህል ኃይል ከውስጡ ወጥቶም ጎኖቹ በአብዛኛው እንደቆሙ አገኟቸው። አንድ ቦታ ግን ሳይነካ ተመለሱ። የእሳተ ገሞራው አፍ ነው። ትናንት የፈነዳ፣ ነገ ምን እንደሚያደርግ የማይታወቅ ጉድጓድ ላይ ሰው ጭኖ ወዲያና ወዲህ ማለትን የሚፈቅድ ኃላፊ ከየት ይመጣል?

ያን ሥራ የሠራችው ማክስሊመር የምትባል 12 ሜትር የምትረዝም ጀልባ ናት። የሠራት ሲ-ኪት የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ከሲንጋፖር ወደ ቶንጋ መጥታ በ2022 አጋማሽ በጉድጓዱ ላይ ስትመላለስ በውስጧ አንድም ሰው አልነበረም። የሚነዷት ሰዎች የተቀመጡት 16,000 ኪሎ ሜትር ርቀው፣ በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ውስጥ በምትገኝ ቶልስበሪ በምትባል መንደር ነው። ቶንጋ ሲነጋ ቶልስበሪ ይመሻል። ስለዚህ በፈረቃ እየተቀያየሩ፣ የጀልባዋን ካሜራና ራዳር በስክሪን እያዩ፣ ትእዛዙን በሳተላይት እየላኩ ሠሩ። ጀልባዋም በዊንች መሣሪያ ወደ 300 ሜትር ጥልቀት እያወረደች የውኃውን ጠባይ ትለካ ነበር።

የተገኘው ነገር ይኸው ነው። ከፍንዳታው በፊት 150 ሜትር ገደማ ጥልቀት የነበረው፣ 4 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የእሳተ ገሞራው አፍ አሁን 850 ሜትር ጠልቋል። ከውኃው የተገኘው መረጃ ደግሞ ተራራው ትንፋሹን ገና እንዳልጨረሰ አመለከተ። ከሁለቱ ቅየሳዎች ውጤት ተደምሮ ወደ 10 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባሕር ወለል ከቦታው እንደተነሣ፣ ሦስት አራተኛው ያህሉም በ20 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ እንደተከመረ ታወቀ። ኬብሉን የበጠሰውም ሌላ አልነበረም፤ ከተራራው ጎን እየተንሸራተተ እስከ በሰዓት 122 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት በባሕር ወለል ላይ የነጎደ አመድና ድንጋይ ነው። መኪናችሁ በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ከምትሄደው ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ ያውም ውኃ ውስጥ።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ስለ ሰው አልባ ጀልባ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ወጪ መቀነሱ ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ነገር ነው፤ ሰው መላክ ወደማይገባበት ቦታ መድረስ ማስቻሉን። ከጀልባዋ የወረደው የሰው ነፍስና ስንቁ ነው፤ ዓይኑና ፍርዱ አልወረደም።

አሁን ወደ መሠረቱ እንመለስ። የጨረቃና የማርስ ካርታ ከባሕር ወለል ካርታ ይልቅ የተሟላ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ማርስን የሚሸፍን ውኃ የለም። ባሕር ውስጥ ግን ብርሃን ከ200 ሜትር በታች እየተመናመነ ይጠፋል፤ የሬዲዮ ሞገድ ከዚያም በፊት ይታፈናል፤ ጂፒኤስም አይሠራም። በውኃ ውስጥ እስከ ታች ወርዶ የሚመለስ መልእክተኛ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፅ ይላካል፣ ወለሉን መትቶ የገደል ማሚቶ ሆኖ ይመለሳል፣ የፈጀው ጊዜ ይለካል። ሶናር የሚባለው ይኸው ነው።

ከሶናር በፊት የነበረው መሣሪያ ገመድና ክብደት ነበር። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ስትዞር ገመድ እያወረደች ጥልቀት ለካች፤ በ1875 በምዕራብ ፓሲፊክ ወደ 8,200 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት አገኘች። አንድ ጊዜ አውርዶ ለማውጣት ሰዓታት ይፈጃል፤ የሚገኘውም አንድ ነጥብ ነው። በሁለት ነጥቦች መካከል ተራራ ይኑር ሸለቆ ማን ያውቃል?

እዚህ ላይ አንዲት ሴት ላንሣ። ሜሪ ታርፕ ትባላለች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ላሞንት በሚባለው የምርምር ጣቢያ ትሠራ ነበር። በዚያ ዘመን ሴት በምርምር መርከብ እንድትሳፈር አይፈቀድም። ስለዚህ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘንና ሌሎች ወንዶች መርከቡ ላይ ሆነው ጥልቀት ይሰበስባሉ፤ እሷ ቢሮ ተቀምጣ ቁጥሩን ወደ ሥዕል ትለውጣለች። በ1952 የአትላንቲክን ወለል ጎን ለጎን ስትስል፣ በመካከሉ በተዘረጋው ተራራ አናት ላይ ቁልቁል የተሰነጠቀ ሸለቆ ከሥዕል ወደ ሥዕል እየተደገመ አየች። ሂዘን መጀመሪያ የሴት ወሬ ነው ብሎ ናቀው። ኋላ ግን የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰባቸው ቦታዎች በሌላ ካርታ ላይ ሲሰፍሩ ልክ በዚያ ሸለቆ ውስጥ ተሰለፉ። መሥመሩን ሲከተሉት በሕንድ ውቅያኖስና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዞሮ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሥምጥ ሸለቆ ገባ። አዎ፣ ወደ አፋር፤ ወደ ዝዋይና ወደ ላንጋኖ። እዚህ ቆመን የምናየው ስንጥቅ በባሕር ሥር ከሚሄደው ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን ለማወቅ ከረዱት ሰዎች አንዷ ባሕር ላይ ወጥታ የማታውቅ ሴት ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ በምርምር መርከብ የተሳፈረችው በ1968 ነው።

እንግዲህ ባሕሩን የሚለካው አካልና ባሕሩን የሚያስተውለው ሰው በተለያየ ቦታ መሆናቸው በእኛ ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። ታርፕ ላይ የተደረገው ግን በደል ነበር፤ የቶልስበሪው ምርጫ ነው። ሌላው ልዩነት ደግሞ ታርፕ ቁጥሩን ለማየት መርከቡ እስኪመለስ ወራት ትጠብቅ ነበር፤ የቶልስበሪው ሰው ወዲያው ያየዋል፤ ካልተስማማው ጀልባዋን መልሶ ያዞራታል።

የዛሬው ሶናር አንድ ነጥብ አይለካም። ከጀልባዋ ሆድ ሥር በመቶ የሚቆጠሩ የድምፅ ጨረሮች ግራና ቀኝ ተዘርግተው ይወርዳሉ። የሚሸፍኑት ስፋት ብዙ ጊዜ የጥልቀቱ ሦስት እስከ አምስት እጥፍ ነው። ጀልባዋ ገበሬ በሬ ጠምዶ እንደሚያርሰው ትልም በትልም ትመላለሳለች፤ አንዱ ትልም የሌላውን ጠርዝ እየደረበ። ከዚህ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል። ጥልቅ ባሕር ለመቀየስ ፈጣን ነው፤ 4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ አንዱ ትልም ከ12 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ዝግተኛውና አድካሚው ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። 20 ሜትር ጥልቀት ላይ የትልሙ ስፋት ቢበዛ መቶ ሜትር ነው። መርከብ የሚጋጨው ደግሞ እዚያው ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ነው። ትልቅ መርከብ በጠባብ ትልም ቀን ከሌት ማመላለስ አክሳሪ ነው፤ ድንጋይም ያስፈራዋል። ትንሽ ሰው አልባ ጀልባ ተወልዳ ያደገችው ለዚህ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ለጥልቁ ግን ትንሽነት ጉዳት አለው። ሩቅ ወለል ላይ ጥርት ያለ ጨረር ለመጣል የሶናሩ ገበታ ረጅም መሆን አለበት፤ ረጅም ገበታ ደግሞ ረጅም ሆድ ያለው ጀልባ ይፈልጋል። ሴይልድሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሰርቬየር ብሎ የሰየማትን ጀልባ 22 ሜትር አድርጎ የሠራት በዚህ ምክንያት ነው። ጀልባዋ በተለይ በነፋስ ትሄዳለች፤ እስከ 7,000 ሜትር ጥልቀት ትለካለች። በ2021 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥታ በ28 ቀን ሃዋይ ገባች፤ በ2022 ደግሞ በአላስካ አሉሽያን ደሴቶች አካባቢ፣ ማዕበሉ ከ5 ሜትር በሚበልጥበት ባሕር፣ 52 ቀን ቆይታ ከ16,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቀየሰች። ያን ባሕር የሚያውቁ ዓሣ አጥማጆች ክረምቱን እንዴት እንደሚፈሩት ለሰማ ሰው፣ እዚያ ሰው ሳያንገላቱ መሥራት ቀላል ነገር አይደለም።

ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። «ያህል» ያልኩት ለጨዋነት አይደለም፤ የቀያሹ ራስ ምታት ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ውኃው ሲሞቅ ድምፅ ይፈጥናል፣ ሲጨው ይፈጥናል፣ ጫናው ሲበዛም ይፈጥናል። ባሕር ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም፤ ከላይ የሞቀ፣ ከታች የቀዘቀዘ ንብርብር ነው። ጨረሩ ከንብርብር ወደ ንብርብር ሲያልፍ ይታጠፋል፤ በተለይ ዳርና ዳር ያሉት ጨረሮች። ይህ ካልተስተካከለ ለጥ ያለው ወለል በካርታው ላይ ጎብጦ ይወጣል። ማክስሊመር ዊንች ይዛ የሄደችውና መሣሪያ ስታወርድ የነበረችው ለዚሁ ነው። ካርታው ላይ እብጠት ሲታይ እውነተኛ ኮረብታ ነው ወይስ የውኃው ሙቀት ያመጣው ማጭበርበር የሚለውን የሚፈርደው ዛሬም ልምድ ያለው ሰው ነው። ኮምፒውተሩ የዓሣ መንጋን ከድንጋይ መለየት እየተማረ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ፈተናውን ግን የሚያርመው ሰው ነው።

የጀልባዋ ትልቁ ድካም ሌላ ቦታ ነው። ሜይፍላወር የተባለች ሰው አልባ መርከብ በጁን 2021 ከእንግሊዝ ፕሊመዝ ወደ አሜሪካ ተነሣች። ቀናት ሳትቆይ ተመለሰች። የተሰበረው የጄኔሬተሩ የጭስ ማውጫ ላይ ያለ መገጣጠሚያ ነበር። ማንኛውም የመርከብ መካኒክ ቁልፉን ይዞ ገብቶ ለጊዜው የሚያስታምመው ብልሽት ነው፤ ግን መርከቧ ላይ እጅ ያለው ፍጡር አልነበረም። በ2022 ደግማ ሞክራ፣ በመንገድ ችግር ገጥሟት በአዞርስና በካናዳ ሃሊፋክስ አርፋ ነው ማሳቹሴትስ የደረሰችው። ከዚህ የምረዳው ቀላል ነው። ሰው በሌለበት ጀልባ ላይ ፓምፑም፣ ጄኔሬተሩም፣ የሳተላይት መገናኛውም ተጠባባቂ ሊኖረው ይገባል። ያ ደግሞ ገንዘብ ነው። ሰው አልባ ጀልባን በርካሽነቱ ብቻ የሚሸጥላችሁ ነጋዴ ይህን ቀንሶ ነው የሚነግራችሁ።

ማክስሊመር ራሷ ከየት መጣች? በ2015 የተጀመረ የሼል ኦሽን ዲስከቨሪ ኤክስፕራይዝ የሚባል ዓለም አቀፍ ውድድር ነበር። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ሰው ባሕር ላይ ሳይወጣ፣ እስከ 4,000 ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ቢያንስ 250 ካሬ ኪሎ ሜትር ወለል ቀይሱ ይላል። የመጨረሻው ፈተና በ2018 ማብቂያ በግሪክ ካላማታ ተደርጎ በ2019 አሸናፊው ሞናኮ ላይ ተነገረ። 4 ሚሊዮን ዶላሩን የወሰደው ኒፖን ፋውንዴሽን ያሠለጠናቸው፣ ከብዙ አገሮች የመጡ የባሕር ካርታ ባለሙያዎች ቡድን ነው። የቡድኑ ጀልባ ማክስሊመር በውኃ ውስጥ ብቻውን የሚዋኝ ሮቦት ተሸክማ ሄዳ ወደ ታች ትለቅቀዋለች፣ ሲጨርስ ትሰበስበዋለች። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ በዚያው ዓመት ጀልባዋ አንድ ሳጥን ኦይስተር ጭና ከኤሴክስ ቤልጅየም አድርሳለች፤ ስትመለስ ቢራ ጭና መጣች። ሳይንቲስቶች ሲደሰቱ እንዲህ ናቸው።

በ2020፣ ዓለም በኮቪድ ቤቱ በተዘጋበት በጋ፣ ማክስሊመር ከፕሊመዝ ወጥታ በአትላንቲክ 22 ቀን ቆይታ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቀይሳ ተመለሰች። የምርምር መርከቦች በየወደቡ በታሰሩበት ወቅት መሆኑን አስታውሱ።

ሥራው ለምን ያስቸኩላል? በ2017 ኒፖን ፋውንዴሽንና ጌብኮ የሚባለው የውቅያኖስ ካርታ ማኅበር ሲቤድ 2030 የሚባል ፕሮግራም ጀመሩ። ጌብኮን በ1903 ያቋቋመው የሞናኮው ልዑል አልበርት ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር በዘመኑ መሣሪያ የተቀየሰው የባሕር ወለል 6 በመቶ ገደማ ነበር፤ በጁን 2025 27.3 በመቶ ደረሰ። በቁጥሩ መደሰት ይገባል፤ ሁለት ነገር ግን ልብ እንበል። ከጭማሪው ቀላል የማይባለው አዲስ ቅየሳ ሳይሆን በየአገሩና በየኩባንያው መዝገብ ቤት ተኝቶ የነበረ መረጃ ስለተለቀቀ የመጣ ነው። ደግሞም እጅግ ጥልቅ በሆነው ባሕር 800 ሜትር በ800 ሜትር የሆነ ሰፈር ውስጥ አንድ ልኬት ከተገኘ ያ ቦታ «ተቀይሷል» ተብሎ ይቆጠራል። 800 ሜትር ስፋት ውስጥ ስንት ነገር ይደበቃል!

የተደበቀው ምን እንደሚያደርግ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያውቀዋል። ጃንዋሪ 8 ቀን 2005 ሳን ፍራንሲስኮ የተባለች የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ከጓም ደሴት በስተደቡብ በሙሉ ፍጥነት ስትሄድ፣ መርከበኞቹ በያዙት ካርታ ላይ ያልነበረ ተራራ መታች። አንድ መርከበኛ ሞተ፤ ብዙዎች ቆሰሉ።

አውሮፕላን ባሕር ላይ ሲወድቅም ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። በማርች 2014 239 ሰዎች ጭኖ የጠፋውን የማሌዥያ በረራ 370 ለመፈለግ በደቡባዊው ሕንድ ውቅያኖስ 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ተፈተሸ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። በ2018 ኦሽን ኢንፊኒቲ የሚባል ኩባንያ በአንዲት መርከብ ስምንት ብቻቸውን የሚዋኙ ሮቦቶች ይዞ ሄዶ በጥቂት ወራት ከ112,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ፈተሸ። አውሮፕላኑ አልተገኘም። ፍጥነቱ ግን ከመሠረቱ ተለውጧል።

እኛም ይህን ሐዘን እናውቀዋለን። ጃንዋሪ 25 ቀን 2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ከቤይሩት ተነሥቶ ብዙ ሳይርቅ ሜዲትራኒያን ላይ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 90 ሰዎች በሙሉ አረፉ። የበረራ መረጃ መቅጃው የወጣው ሁለት ሳምንት ያህል በመርከቦች ሶናርና በጠላቂዎች ፍለጋ ነው። በዚያን ዘመን የመቅጃው ድምፅ ሰጪ ባትሪ 30 ቀን ነበር የሚቆየው። ለቤተሰቦች እያንዳንዱ ቀን ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለተቀመጠ ሰው አልተርክም።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። በ1972 የወጣው የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ አምስተኛው አንቀጽ ማንኛውም መርከብ በዓይንና በጆሮ የሚጠብቅ ይኑረው ይላል። ዓይኑ ካሜራ፣ ጆሮው ማይክሮፎን፣ ጠባቂውም ሌላ አህጉር ላይ ሲሆን ደንቡ ተከበረ ወይስ ተጣሰ? ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ለእነዚህ መርከቦች የራሳቸውን ደንብ ሲያዘጋጅ ዓመታት ወስዶበታል። ሌላም ጣጣ አለ። በሴፕቴምበር 2022 መጀመሪያ አንድ የኢራን የጦር መርከብ በደቡባዊው ቀይ ባሕር፣ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ውኃ ላይ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚጠቀምባቸውን ሁለት ሴይልድሮን ጀልባዎች ከባሕር አውጥቶ ወሰዳቸው፤ በማግስቱ መለሳቸው። ቀያሾች ሳይሆኑ ቃፊሮች ነበሩ። ግን ባለቤት ያልተቀመጠበትን ጀልባ ሰው እንዴት እንደሚያየው ያሳያል። ካሜራ ተሸክሞ ሰው አጠገብ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሰላይ ይመስላል፤ አንዳንዴም ነው።

ወጪውስ? አምራቾቹ ነዳጁ ከ90 በመቶ በላይ ይቀንሳል ይላሉ፤ የሻጭ ቃል ነውና በዚያ ልክ እንውሰደው። የመርከበኛው እንጀራስ? ትልቅ የቅየሳ መርከብ በአሥሮች የሚቆጠር ሰው ይይዛል፤ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚቀጥረው ከዚያ ያነሰ ነው። ይህን አልሸፍንም። በሌላ በኩል ከቤቱ ወጥቶ ሠርቶ ማታ ልጆቹን የሚያይ ቀያሽ፣ ሕፃን ያላት እናትም የምትሠራው ቀያሽነት ተፈጥሯል። የጠፋው ሥራ የማን ነው፣ የመጣው ለማን ነው የሚለውን ግን ገበያው ብቻውን በትክክል አይመልሰውም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ላንሣ። ባሕር በር የሌለን ሰዎች ምን አገባን? አንደኛ፣ በስልካችሁ የምታዩት ነገር አብዛኛው በጅቡቲ በኩል በባሕር ወለል ላይ ተጋድሞ ነው የሚመጣው። በ2024 መጀመሪያ በየመን ሑቲዎች ሚሳይል የተመታችው ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብሎች ሳትቆርጥ አልቀረችም ተብሎ ይታመናል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሰው ልኮ ወለሉን ማስመርመርን ማን ይደፍራል? ከቶንጋው ጉድጓድ የተለየ አደጋ ነው፤ መልሱ ግን አንድ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይቀርበናል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ተቋም ከአሥር ዓመት በላይ የባሕር መሐንዲሶችንና የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንኖችን እያሠለጠነ ለውጭ አገር መርከቦች አቅርቧል። ሰው አልባ ጀልባ የሚፈልገው ሰው እነሱን የመሰለ ነው፤ ሞተር የሚገባው፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ፣ ማዕበል የቀመሰ። የመቆጣጠሪያ ክፍል ደግሞ ወደብ አይፈልግም፤ የማይቋረጥ መብራትና አስተማማኝ መሥመር ካለው ጣና ዳር ሊሆን ይችላል። መብራቱን በተመለከተ ሳቃችሁን ሰምቻለሁ።

መለማመጃውም ከደጃቸው አለ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ያህል ነው። ቅድም ያልኩትን አስቡ፤ የትልሙ ስፋት የጥልቀቱ አራት እጥፍ ቢሆን 32 ሜትር ነው። ሐይቁን በሙሉ ለመሸፈን ከ90,000 ኪሎ ሜትር በላይ መመላለስ ያስፈልጋል፤ ምድርን ሁለት ጊዜ ከመዞር ይበልጣል። ሰው በጀልባ ጭኖ ይህን የሚያደርግ በጀት የለም። ትንንሽ ሰው አልባ ጀልባዎች፣ እምቦጩ የማይጠልፈው መዘውር ተገጥሞላቸው፣ ክፍል በክፍል እየቀየሱ በዓመታት ሊጨርሱት ይችላሉ። ከሁሉ የሚያስቸኩሉት ግን ግድቦቻችን ናቸው። ቆቃ ከ1960 ጀምሮ አዋሽ የሚያመጣውን ደለል ሲውጥ ኖሯል። ግድብ ስንት ውኃ ይይዛል የሚለው ቁጥር በተመረቀበት ቀን ያለው ነው፤ ዛሬ ስንት ይይዛል የሚለውን የሚመልስ ወለሉን በየጊዜው የለካ ብቻ ነው። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል ስንል ከአሁኑ መነሻ ካርታ ካልተሠራለት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የገባበትን ደለል የምናነጻጽርበት ነገር አይኖረንም።

ስለዚህ ልመናዬ ለሁለት ወገን ነው። የባሕር ዳር መምህራን፣ ቅየሳን ከባሕር ምሕንድስናው ጋር አንድ ላይ አስተምሩ፤ የመጀመሪያዋንም ጀልባ ተማሪዎቻችሁ ይሥሯት። የግድቦቻችን ኃላፊዎች፣ የውጭ አማካሪ ከመጥራታችሁ በፊት ለእነዚህ ልጆች አንድ ሐይቅ ስጧቸው፤ ትንሹን፤ በካርታው ላይ ተሳስተው የሚታረሙበትን።